የማይሰበሰብ

ነሐሴ ሊያልቅ ነው፤ ጉም ከጦሳ ወርዶ
ፒያሳን ውጦታል፣ ታክሲውን ጋርዶ።
መዝገቤን በፌስታል ጠቅልዬ፣ አቅፌ
ከገቢዎች ደጃፍ ቆሜአለሁ ተሰልፌ።
ከፊቴ ሉካንዳ ያለው፣ ከኋላዬ ጨው ነጋዴ፤
ሁሉም ያጉረመርማል በየራሱ ዘዴ።
እኔ ቆርቆሮ ነው የምሸጥ፣ ምስማርና ሽቦ፤
ዓመቱ ይገባል በአራት ገጽ ተሰብስቦ።

አምስተኛው ገጽ ላይ ግን አንድ መስመር አለች፣
ሦስት ዓመት ሙሉ እዚያው የከረመች፦
"ኑርዬ አራጋው — ሰማንያ ሺህ ብር፣
እስከ መስቀል ማግስት የሚመለስ ብድር።"
የትኛው መስቀል እንደሆን አልጻፍን ያን ጊዜ፤
ቀልዱን እሱ ወሰደ፣ ለኔ ቀረ ትካዜ።

ሱቁን ልዘጋ ስል፣ መዝጊያው ግማሽ ወርዶ፣
ጎንበስ ብሎ ገባ፣ እጁን ለሰላምታ ሰዶ።
ሻይ አልጠጣም አለ። ኮፍያውን አሸ፤
ሊናገር ጀመረና ወሬው ወደ ኳስ ሸሸ።
ሰው ገንዘብ ሲቸግረው ድምፁ ይቀጥናል፤
ወዳጅ የሆነ ጆሮ ሳይነገረው ይሰማል።
ቆጠርኩለት፣ በጋዜጣ ጠቀለልኩ፣ "ሂድ" አልኩት፤
መጠኑን መዝገቤ ላይ ኋላ ነው የጻፍኩት።

ሉባባ ትባላለች መርማሪዋ፣ ወጣት፤
ጉንፋን አፍኗት ነበር፣ ዝናብ አስነጥሷት።
"ይኼንንስ" አልኳት ጣቴን አሳርፌ፣
"እንደ ኪሳራ ያዢው፤ እኔስ አረፍኩ ለፍልፌ።"

"ዕቃ ሸጠህለት ነው፣ ወይስ ጥሬ ብር?"
"ጥሬ ብር።"
"ደረሰኝ?"
"እኔና እሱ ነበር..."
"ገቢ ብለህ ነበር ቀድሞ ያስመዘገብከው?"
"ከኪሴ የወጣ ገቢ የሚሆን እንዴት ነው?"
"ከሰኸዋል?" አለች። ዝናቡ ጮኸ ጣራው ላይ፤
ዓይኔ ሸሸ ከሷ ወደ መስኮቱ ሰማይ።

"ጋሼ፣" አለች በቀስታ፣ እስክሪብቶዋን ዘግታ፣
"ሱቅህ አይደለም ያበደረው፤ አንተ ነህ፣ በይሉኝታ።
ንግድ ያልወለደው ዕዳ ከንግድ አይቀነስም፤
ማርኩት ብትለኝም፣ ምሕረት ግብር አይቀንስም።"

"የማይሰበሰብ" ይለዋል ቅጹ እንዲህ ያለውን፣
ከሰው የተበተነ፣ ስልኩን ያጠፋውን።
ድሮ እኮ ኑርዬ ተሰብሳቢ ነበር፤
ማታ ማታ ሙጋድ፣ ካርታ ስንደረድር፣
ቀድሞ የሚመጣ፣ ኋላ የሚሄድ፣
ለተጣላ ሁሉ የሚሆን መንገድ።
ከተማው ባንድ ሌሊት ወልቆ የሸሸ ለታ፣
እናቴን አዝሎ ሐረጎን የወረደው ማነው በዚያ ማታ?
"እማማ፣ ከበዱ እኮ" እያለ የሚያስቃት፣
ከመንገዱ ይልቅ ሳቁ እስኪያደክማት።
ያንን ማን ጻፈው? በየትኛው ገጽ? በምን ቀለም?
ኑርዬ ደረሰኝ ጠይቆኝ አያውቅም።

ይኼን ለሉባባ አልነገርኳት። ምን ልበል?
ንዴቴም አልወጣ። ሰማንያ ሺህ ቀላል?
ሰማንያ ሺህ ማለት የልጄ ኮሌጅ ነው።
ሰመራ ነው አሉኝ፣ ሎጊያ ነው፣ ሚሌ ነው፤
አይሱዙ ገዛ ያለኝ ሰውዬ ማለ፤
ሌላው ደግሞ ከሰረ፣ ከሰው ተራ ወጣ አለ።
"ብድር በምድር" ይላል ያገሬ ሰው ሲተርት፤
ምድር ሰፊ ናት እንጂ፤ ከሎጊያ ማዶም አላት።

ከፈልኩ። ሙሉውን። ያልበላሁትን ጨምሮ፣
ኑርዬ ይዞት የሄደው እንደ ትርፍ ተቆጥሮ።
ሉባባ ማኅተሙን ስትመታ አስነጠሳት፤
"ይማርሽ" አልኩ፤ ከአፌ በነፃ ወጣላት።

ወጣሁ። ጉሙ ተገልጧል እስከ አዝዋ ገደል።
ቁጥሩን ደወልኩለት፤ ያው የሴትዮዋ ድምፅ፣ የለመደ በደል፦
"የደወሉላቸው ደንበኛ..." ዘጋሁባት ሳትጨርስ።
ደረሰኙን አጠፍኩ፣ በዝናብ እንዳይርስ።
ስሙ የለበትም፤ ያለው የኔ ስም ነው፤
ግን በኔና በሱ መሃል እስከ ዛሬ የተቆረጠው
ደረሰኝ እሱ ብቻ ነው።